የጉልበት ሕመምና የስቴም ሴል ሕክምና፦ ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ እናቴ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት ሕመም) አለባት፣ የሁለቱም ጉልበቷ ካርቲሌጅ (አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ መሃል ያለው ለስላሳ ንጣፍ) አልቋል ተብላለች። ስግደት ካቆመች ቆየች፣ ከሕመሙ በላይ እሱ ነው የሚያስለቅሳት። አሁን አንድ ክሊኒክ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) በመርፌ ትወጋ ጉልበቷ እንደ አዲስ ይሆናል አለን። ዘመዶቻችን ግን ስቴም ሴል ከፅንስ ነው የሚወሰደው ኃጢአት ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጸሎት እያለ ይሄ እምነት ማጣት ነው ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። መታከም እምነት ማጣት አይደለም። ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢላቸው፣ ሐኪምን አክብር እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላ 4፥14)። ጸሎቱም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂድ።

የፅንሱ ነገር ግን በደንብ መጠየቅ አለበት፣ ዘመዶቻችሁ መፍራታቸው ልክ ነው ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጨፈለቁት። ከሰው ሽል የሚወሰድ ስቴም ሴል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው በላብራቶሪ ተለይቶ የወጣው፣ እሱን ለማግኘት የቀናት ዕድሜ ያለው ሽል ይጠፋል፣ ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል ብለን የምናምን ሰዎች ይሄን ልንቀበል አንችልም። ለጉልበት የሚሰጠው ግን በብዛት ከዚህ አይደለም፣ ከራሷ ከታማሚዋ ዳሌ አጥንት መቅኒ ወይ ከሆድ ስብ ይወሰዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ልጅ በሰላም ከተወለደ በኋላ እናትየዋ ፈቅዳ ከምትሰጠው እትብት ነው። የራስን ወስዶ ለራስ መስጠት ምን ኃጢአት አለው? ስለዚህ ክሊኒኩን ከየት ነው የምትወስዱት በሉት፣ በግልጽ ካልመለሰ ተዉት።

እኔን የበለጠ ያስጨነቀኝ ግን “እንደ አዲስ ይሆናል” የሚለው ነው። ያለቀ ካርቲሌጅን በመርፌ መልሶ እንደሚያበቅል እስካሁን አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተደረገ ከ400 በላይ ታማሚዎች ያሉበት ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር፣ ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የተወሰደውን ከተለመደው የስቴሮይድ (እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ጋር አወዳደሩት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመም በመቀነስ አንዱም ከስቴሮይዱ አልበለጠም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለኦስቲዮአርትራይተስ የፈቀደው የስቴም ሴል መርፌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከእትብት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ ሰዎች በባክቴሪያ ተበክለው ሆስፒታል ገብተዋል። ይሄን የምልሽ ሳይንሱን ለመጥላት አይደለም፣ ምርምሩ ይቀጥል፣ ተስፋ አለው፣ ግን ያልተረጋገጠን ነገር የተረጋገጠ አስመስሎ ለታመመ ሰው መሸጥ በሐሰት መመስከር ነው፣ እሱ ነው ኃጢአቱ፣ እሱም የሻጩ እንጂ የእናትሽ አይደለም። ደም ይፈሳት የነበረችው ሴት ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ምንም እንዳልጠቀማት ማርቆስ 5 ላይ ተጽፏል፣ ጌታ ሲያገኛት ግን ለምን ታከምሽ ብሎ አልገሠጻትም ልጄ ሆይ ነው ያላት።

የሚረዳቸው ነገር ደግሞ አለ። ጭን የሚያጠነክር የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ፣ ክብደት ካላቸው መቀነስ (አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል)፣ ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ፣ ሁሉ ካልሆነ ጉልበት የመቀየር ኦፕራሲዮን፣ እሱም በእምነት በኩል ምንም ክልከላ የለበትም።

ስለ ስግደቱ አታልቅሱ በያቸው። ስግደት ለሚችል ነው የታዘዘው፣ የታመመ ሰው ቁጭ ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይጸልያል፣ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ ልካቸውን ይሰጧቸዋል። እኔ የምፈራው ለመስገድ ብለው ጉልበታቸውን የባሰ እንዳይጎዱት ነው።

አሁን ገንዘብ አትክፈሉ። ሴሉ ከየት እንደሚወሰድ፣ ምን ማስረጃ እንዳለው፣ ጉዳት ቢመጣ ማን እንደሚጠየቅ ክሊኒኩ በጽሑፍ ይስጣችሁ፣ ያንን ይዛችሁ ከክሊኒኩ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ የአጥንት ስፔሻሊስት አማክሩ።