ቴርሞሜትሩ 94 ካለ 94 ብለህ ጻፍ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መካከለኛ ደረጃ ሳይንስ ናቸው። መምህራን ጽፈዋል፣ አንዲት እናት ጽፈዋል፣ አንዲት ተማሪም ጽፋለች። እኔ ራሴ ለዓመታት 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ጉዳዩ በጣም ያሳስበኛል። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማር ጀምሬያለሁ። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ አለኝ። አዲስ ርዕስ አስተዋውቃለሁ፣ ኖት አስገለብጣለሁ፣ የክፍል ሥራ እሰጣለሁ። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ነገር ጠፍቷል። ሳምንቱን እንዴት ባዋቅረው ይሻላል? (አዲስ መምህርት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኖት ማስገልበጡን ቀንሺው። ልጆቹ ሲገለብጡ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ደግሞ የሚማሩ ያስመስላቸዋል። እጃቸው ይሠራል፣ ሐሳባቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

እኔ ሳምንቱን የምጀምረው በጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ለሳምንቱ ሙሉ። በጣም የምወደውን ልንገርሽ። ክር ላይ ድንጋይ አስሬ ክፍሉ ፊት ለፊት አንጠለጥለውና አወዛውዘዋለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ፦ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚወስነው ምንድን ነው? የድንጋዩ ክብደት ነው? የክሩ ርዝመት ነው? ወይስ ስንለቀው ምን ያህል ከፍ እንዳደረግነው? በዚያ ክፍለ ጊዜ መልሱን አልናገርም። ሁሉም ልጅ ግምቱን ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ከሥሩ «ምክንያቱም» ብሎ ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል። አብዛኛው ልጅ ክብደቱ ነው ይላል። ይበል። ያቺ «ምክንያቱም» ናት የምትጠቅመኝ፤ ልጁ እንዴት እያሰበ እንደሆነ የምታሳየኝ እሷ ናት።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሙከራ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ክብደት የሚለውጠው ቡድን ክሩን አያሳጥርም፣ አያስረዝምም። ርዝመት የሚለውጠው ቡድን ድንጋዩን አይቀይርም። ሁለቱን አንድ ላይ የለወጠ ቡድን ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ እንደገና ይሠራል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ እንዲለኩም አልፈቅድም። 10 ጊዜ ሲመላለስ የፈጀውን ጊዜ ይለኩና ለ10 ያካፍላሉ። ሰዓቱን የሚጫነው ጣት ትንሽ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ያ ስሕተት ለ10 ሲካፈል እጅግ ያንሳል። ለምን 10 እንዳልኳቸው ግን አስቀድሜ አልነግራቸውም። ራሳቸው እስኪደርሱበት እጠብቃለሁ፤ ሁልጊዜ የሚደርስበት ልጅ አይጠፋም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሁሉም ቡድን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ክሩ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሄዶ ለመመለስ 1 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። 1 ሜትር ሲሆን ደግሞ 2 ሰከንድ አካባቢ። ክብደቱ ምንም ለውጥ አላመጣም። እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ፣ ተዪው! ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ብቻ መሆኑን የሚያስተውል ልጅ ይነሳል፤ እሱን ሰሌዳው ጋ አውጥተሽ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ አድርጊው። ድንጋዩን በጣም ከፍ አድርጎ የለቀቀ ቡድን ካለ ደግሞ ትንሽ የረዘመ ጊዜ ያገኛል። ተሳስታችኋል እንዳትያቸው። ልክ ናቸው። ከፍታው ለውጥ የማያመጣው ውዝዋዜው ትንሽ ሲሆን ነው። 60 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ስቦ ለለቀቀው ቡድን ጊዜው ወደ 7 በመቶ ይረዝምበታል። መጽሐፉ «ለውጥ የለውም» ብሎ ያለፈውን እነሱ በክር አገኙት ማለት ነው። ኖት መስጠት ካለብሽ አሁን ስጪ። ግማሽ ገጽ ይበቃል።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ደብተር ይዘጋል። አምስት ደቂቃ፣ አራት አጫጭር ጥያቄዎች። ሦስቱ የዚህ ሳምንት፣ አንዱ ከሳምንታት በፊት የተማሩት። ማርክ የለውም። ይሄ ልጆቹን ለማስጨነቅ አይደለም። ሮዲገር እና ካርፒኬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን የተሰጠውን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከትዝታቸው ሲጽፉ የነበሩት በለጡ። የአንቺ ልጆች የሚረሱት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የሰሙትን ከራሳቸው ጭንቅላት እንዲያወጡት የጠየቃቸው ስለሌለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ክፍል ውስጥ ውሃ አፍልተው ሙቀቱን ለኩ። ቴርሞሜትሩ ላይ ያነበበው 94 ነበር፤ ደብተሩ ላይ የጻፈው ግን 100 ነው። ለምን ስለው «ቲቸር የሚፈልገው 100ን ነው» አለኝ። ማርክም አግኝቶበታል። ነገሩ አልተዋጠልኝም፤ ምን ልበለው? (የአንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ እኔም አልተዋጠልኝም። ይህን ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ልጅዎ ያነበበው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በቀላሉ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ይወርዳል። በ1800 ሜትር ከፍታ ላይ 94 ይሆናል ማለት ነው። ኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ 94 ማለት ምናልባት ልጁ የቆመበትን ከፍታ የሚናገር ቁጥር ነው። ያንን ደምስሶ ከመጽሐፍ የወሰደውን 100 ጻፈበት።

ቴርሞሜትሩ ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው። ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶና ትንሽ ውሃ ይቀላቀልና ቴርሞሜትሩ ይነከራል። 0 ካነበበ ደኅና ነው። 3 ካነበበ መሣሪያው ችግር አለበት፤ ይህም ይጻፋል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች ነክቶ ከሆነም የተነበበው የውሃው ሙቀት አይደለም። አንድ ቁጥር እንዲህ ይመረመራል። የማይደረገው አንድ ነገር፣ ያላዩትን መጻፍ ነው።

አንድ ታሪክ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የናይትሮጅንን ክብደት በጥንቃቄ ይለካ ነበር። ከአየር የወሰደው ናይትሮጅን ከኬሚካል ካወጣው ናይትሮጅን ትንሽ ከበደበት። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያለ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈውም። ደጋግሞ ለካ፣ ልዩነቱን ይፋ አውጥቶ ሌሎችን ጠየቀ፣ ከኬሚስቱ ዊሊያም ራምሴ ጋርም ተባበረ። በ1894 ከአየር ውስጥ እስከዚያ ድረስ ማንም የማያውቀውን ጋዝ፣ አርጎንን አገኙ። የምንተነፍሰው አየር አንድ በመቶ ገደማ አርጎን ነው። ሁለቱም በ1904 ኖቤል ተሸለሙ፤ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴ በኬሚስትሪ። ሬይሊ እንደ ልጅዎ «የሚፈለገውን» ቁጥር ጽፎ ቢሆን ኖሮ አርጎን በዚያ ዓመት አይገኝም ነበር።

ልጅዎን አይቆጡት። የተማረውን ነው ያደረገው። 100 የጻፈ ልጅ ማርክ ሲያገኝ፣ 94 የጻፈው ደግሞ ኤክስ ሲደረግበት ካየ፣ ክፍሉ ምን እንደሚፈልግ ገብቶታል። ደብተሩን አብራችሁ ክፈቱና 94 ብሎ እንዲጽፍ ያድርጉ፤ ከጎኑም ከ100 ለምን እንደተለየ የሚያስበውን ይጨምር። ከዚያ መምህሩን በትሕትና ያነጋግሯቸው። «ልጄ ያነበበውን ቢጽፍ ማርክ ያጣል ወይ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ብዙ መምህር ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ቆም ብሎ ያስባል። እኔ የሙከራ ሪፖርት ሳርም ለትክክለኛው ቁጥር የተለየ ማርክ የለኝም። ማርኩ ያለው ያየውን በመጻፉ፣ እንዴት እንደለካ በማስረዳቱና ልዩነቱን ለማብራራት በመሞከሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 7ኛ ክፍል ነኝ። ቲቸር ጥያቄ ሲጠይቁን እያሰብኩ እያለሁ ሁልጊዜ የሚመልሱት ሁለት ልጆች ይመልሳሉ። እኔ መልሱ የሚመጣልኝ ሌላ ጥያቄ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሳይንስ የማልችል ይመስልሻል? (ተማሪ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ በፍጹም አይመስለኝም። ቀስ ብሎ ማሰብ አለመቻል አይደለም።

ያንቺን ችግር ያጠናች ሰው ነበረች። ሜሪ በድ ሮው ትባላለች፤ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ነበረች። የብዙ ክፍሎችን ድምፅ ቀድታ አዳመጠች። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፋዋለች። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ነው፤ አስቢው!

አንቺ እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊ። ጥያቄው እንደተጠየቀ መልስሽን ደብተርሽ ጠርዝ ላይ በሁለት ቃል ጻፊው። ሌላ ልጅ ቢቀድምሽም መልስሽ አይጠፋም። ከእሱ የተለየ ከሆነ እጅሽን አውጥተሽ «እኔ የጻፍኩት ሌላ ነው» በዪ። ይህን ማለት ነውር የለውም። ቲቸርሽንም ከክፍል በኋላ አናግሪያቸው፤ ከመመለሳችን በፊት ትንሽ እንድንጽፍ ጊዜ ይስጡን ብለሽ ለምኚያቸው። እኔ ብሆን እንዲህ የምትለኝን ተማሪ በጣም ነው የማመሰግናት።

ጥያቄ፦ የሙከራ ክፍላችን ግድግዳ ላይ 22 ደንቦች ለጥፌያለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንብበን አስፈርሜያቸዋለሁም። የሚያከብራቸው ግን የለም። ቅጣት ልጨምር? (የ8ኛ ክፍል መምህር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅጣቱን ተወው፤ ደንቡን ቀንስ። 22 ደንብ በአንድ ቀን የሚይዝ ልጅ የለም። ደንቡን በሚያስፈልግበት ቀን አስተምር፤ ከምክንያቱ ጋር።

ብርጭቆ የምታሞቁ ቀን፣ የጋለ ብርጭቆ መልኩ ከቀዝቃዛው እንደማይለይ ንገራቸው። የእጅን ጀርባ ሳያስነኩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን መፈተሽ አሳያቸው። እሳት ባለበት ቀን ረጅም ፀጉር ይታሰራል፣ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይሰበሰባል። ሽታ ያለው ነገር ሲመጣ አፍንጫን ዕቃው ላይ መድፋት የለም፤ በእጅ ወደ ራስ ማራገብ ነው።

አሲድ የምታቀጥን ቀን ደግሞ አንተ ራስህ ከፊታቸው አድርገው፣ መነጽርህን አጥልቀህ። አሲዱ ወደ ውሃው በቀስታ ይጨመራል። ውሃ ወደ ጠንካራ አሲድ አይጨመርም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብዙ ሙቀት ይወጣል። ውሃው ከአሲዱ ስለሚቀል ከላይ ይቀራል፤ እዚያው ቅጽበት ሊፈላና አሲዱን ይዞ ሊረጭ ይችላል። ምክንያቱን ካወቁ ደንቡን አይረሱትም። ምክንያቱን ሳትነግራቸው ካለፍክ ግን የትኛው ወደ የትኛው እንደነበር ይምታታባቸዋል፤ ይሄ ደግሞ ሊምታታ የማይገባው ነገር ነው።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት አንዱን ልጅ ድንገት ጥራና የዕለቱን ደንብ ከነምክንያቱ ይንገርህ። ከቻለ ሁሉም ይጀምራል። ካልቻለ ሌላ ጓደኛው ያስረዳዋል፣ እሱም ደግሞ ይናገረዋል። ደንቡን እያወቀ የሚጥስ ልጅ ካለ ያን ቀን ዕቃ አይነካም፤ ከቡድኑ ጋር ተቀምጦ ቁጥሩን ይመዘግባል። በሚቀጥለው ሙከራ ተራው ይመለስለታል።