ውሻዬን ጥሬ ሥጋ ላብላው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሰባት ወር ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። መጀመሪያ እንጀራ በሾርባ ነበር የምሰጠው። በኋላ ዩቲዩብ ላይ «ውሻ ማለት ተኩላ ነው፣ ምግቡ ጥሬ ሥጋ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አሁን ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ልፋጭና ሳንባ እየገዛሁ በጥሬው እሰጠዋለሁ፤ ሌላ ምንም አይበላም። ፀጉሩ በጣም አምሮበታል። ሰሞኑን ግን የኋላ እግሩን ያነክሳል። እናቴ ደግሞ የእህቴ ልጅ መዳህ ስለጀመረች «ጥሬ ነገር ከዚህ ግቢ ይውጣ» ብላ ይዛኛለች። ማናችን ነን ትክክል?
(አንባቢ፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ናቸው ትክክል። ግን ከማንከሱ ልጀምር፣ እሱ አያድርም። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ጋ ውሰደውና ራጅ ይነሳ። ይሄ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፣ ስለዚህ ሳይታይ መደምደም አይቻልም። የጻፍከውን ሳነብ ግን መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምግቡን ነው።

ሥጋ ብቻውን ለቡችላ ምግብ አይሆንም። መቶ ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ 200 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ ግን 10 ሚሊግራም ቢሆን ነው። በማደግ ላይ ያለ ውሻ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ቢያንስ እኩል ሊሆንለት ይገባል። በምግቡ ያላገኘውን ካልሲየም ሰውነቱ ከየት ያመጣል? ከራሱ አጥንት ይወስዳል። አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ አንዳንዱ ከሶፋ ላይ ሲዘል ብቻ ይሰበራል። ከውጭ ሲያዩት ግን ወፍራም ነው፣ ፀጉሩም ያበራል፤ ባለቤቱ ዘግይቶ የሚነቃው ለዚህ ነው። የፀጉሩ ማማር ከስቡ የመጣ ነው፣ ሥጋውን ቀቅለህ ብትሰጠውም አይቀርበትም።

«እንግዲያው የካልሲየም እንክብል ልስጠው» እንዳትል። የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ሲበዛባቸውም አጥንታቸው ይበላሻል። ቢያንስ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ብትሰጠው ይሻላል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ካልቻልክ የቤት ምግቡን ሐኪምህ በኪሎው አስልቶ ይጻፍልህ።

ውሻ ተኩላ ነው የሚለውን በተመለከተ፦ ዘሩ ከተኩላ ነው፣ ልክ ነው። ግን ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱም ተለውጧል። ስታርች የሚፈጭበት ዘረመል ተኩላ ላይ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን ውሻ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ይህ በጥናት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ ሩዝና ቅንጬ፣ እንጀራም ቢሆን ጠላቱ አይደሉም። ብቻቸውን አይበቁም እንጂ።

አሁን ወደ ሳንባው። ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። በዓል ላይ በግ ሲታረድ አይተህ ከሆነ፣ አንዳንዴ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ይገኛል። ከሽምብራ ፍሬ እስከ ብርቱካን የሚያክል አለ። ሲወጉት ንጹሕ ውሃ ፊን ይላል፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ደቃቅ ነጫጭ ቅንጣቶች አሉ። «ይሄ አይበላም፣ ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። እነዚያ ቅንጣቶች ግን እያንዳንዳቸው ውሻው አንጀት ውስጥ ገብተው ትል የሚሆኑ ናቸው። ትሉ ኤኪኖኮከስ ይባላል፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ዓይነ ምድሩ ላይ ፈልገህ አታገኘውም። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ውሻው አይታመም፣ አይከሳ፣ ይጫወታል፣ ይበላል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ግቢው አፈር ላይ ይቀራል፣ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። የምትድህ ሕፃን ያንን አፈር ነክታ፣ ውሻውን አቅፋ፣ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሰው ሆድ ከገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ይሠራል። ቀስ ብሎ ለዓመታት ነው የሚያድገው፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ኦፕራሲዮን የሚያስፈልግበት ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ከበላን የሚይዘን ኮሶ ሌላ ነው፣ እሱ ትልቅ ሆኖ የሚኖረው ሰው ውስጥ እንጂ ውሻ ውስጥ አይደለም። ይሄኛው ደግሞ ሰውን የሚይዘው ከሥጋው ሳይሆን ከውሻው ነው። «እኛም ጥሬ እንበላለን፣ ምን ሆንን» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም።

የሥጋ ቤቱ ሳንባ ቄራ ላይ ተመርምሮ ሊሆን ይችላል። የቅርጫውንና ግቢ የታረደውን ግን ማን አየው? ስለዚህ ውሻህን አሁኑኑ የትል መድኃኒት አሰጠው፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት ይሁን። ይህን አደራ። በየሱቁ የሚሸጠው ሁሉ ይሄን ትል አይገድልም፣ ፒፐራዚን ለምሳሌ ምንም አያደርገውም። መጠኑ በኪሎ 5 ሚሊግራም ስለሆነ መጀመሪያ ይመዘን። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ቀናት ዓይነ ምድሩን በጓንት ሰብስበህ አቃጥለው ወይም በጥልቅ ቅበረው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለፋሲካ የበጉን ጭንቅላትና የዶሮውን አጥንት ለውሻችን እንሰጣለን። ባለፈው ሲያስመልሰውና ሆዱን ሲያመው ሰነበተ። ምን አጠፋን?
(እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናቴ፣ ውሻው ከእናንተ ጋር 55 ቀን ሽሮና ክክ ሲበላ ከርሟል። በአንድ ቀን ቅባት ሲወርድበት ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፣ ይሄም ውሻ የሚገድል በሽታ ነው። ቀስ ብለው ያስለምዱት፤ ስቡን አንስተው ከቀይ ሥጋው ጥቂት ጥቂት ይስጡት። የዶሮ ወጥ አጥንት ፈጽሞ አይስጡት። የበሰለ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል፣ ወጡ ላይ ያለው ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የበጉን ጭንቅላት ጥሬውን ከሰጡት ደግሞ በጎቻችሁን የሚያዞረው በሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው። አንጎሉ ላይ ያለውን ውሃ የቋጠረ ነገር ውሻው ይበላል፣ ግጦሹ ላይ ይጸዳዳል፣ በጓ ያንን ሣር ትግጣለች። እናንተ አካባቢ በግ የሀብት መሠረት ስለሆነ ይህን ለጎረቤትም ቢነግሩ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እዚህ ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በረዶ የሆነ ጥሬ ምግብ ይሸጣል። ውድ ነው ግን ሁሉም ያወድሰዋል። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ነች። ልግዛ?
(አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ እያሉ አትግዢው። በረዶ በቂ ቀን ከቆየ የትሉን ዘር ይገድላል፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ውሻው ሳይታመም ሳልሞኔላውን በዓይነ ምድሩና በምራቁ ይዞ ይዞራል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰው ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለውሻና ለድመት ጥሬ ሥጋ እንዳይሰጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም ኦሪገን ውስጥ አንዲት የቤት ድመት በረዶ የሆነ ጥሬ የቱርክ ሥጋ በልታ በወፍ ጉንፋን ሞታለች። ያን ያህል ብር የምታወጪ ከሆነ የበሰለና የተሟላ መሆኑ የተጻፈበትን ግዢ።

ጥያቄ፦ ቀቅዬ ልስጠው ብል እንዴት ነው የምሠራው?
(አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሳንባና ጉበቱን በትንንሹ ቆርጠህ፣ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ አይግባ። ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር ካሮት ጨምረህ ቀላቅለው። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከምግቡ ጥቂቱን ብቻ ይያዝ፣ በየቀኑ ጉበት አይሁን። ላደገ ውሻም ቢሆን የካልሲየሙን ነገር ሐኪምህን ጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በቂ ነው፣ መጠኑ ግን በክብደቱ ነው። ጥሬውን የቆረጥክበትን ቢላና መክተፊያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠበው፣ ለሰላጣም አትጠቀምበት። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ካጋጠመህ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ወይም ቆሻሻ ገንዳ ላይ አትጣለው፣ የሰፈሩ ውሾች ያገኙታል። አቃጥለው፤ ካልሆነም ውሾች ቆፍረው እንዳያወጡት በጥልቀት ቅበረውና ድንጋይ ጫንበት።