ከድሬ ሄዶ በረዶ ላይ መንሸራተት፦ ለሳቢያኑ ልጅ መልስ

«የክፍል ጓደኞቼ ካናዳ፣ ካልጋሪ ዳር ያለው ትንሽ የስኪ ኮረብታ በኅዳር አጋማሽ ሲከፈት አብረን እንሂድ ብለውኛል። በረዶ ረግጬ አላውቅም። ብርዱ አይገድለኝም ወይ? ምን ልልበስ? ገና እንደተከፈተ ልሂድ ወይስ ጥርን ልጠብቅ? ለእናቴስ ልንገራት?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የድሬዋ ከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። ካልጋሪ ሰባት ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ፤ ይኸው ሽርጤን አገልድሜ፣ ማራገቢያው አናቴ ላይ እየዞረ እጽፍልሃለሁ። አንተ እያልኩ ነው የማወራህ፣ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማናውቅ ታውቃለህ። አቦ፣ ሂድ። ብቻ እኔ እንደሄድኩት አትሂድ።

ብርዱ የምታስበውን ያህል አይደለም። ኅዳር ላይ ገና መለስተኛ ነው፤ እኔ የሄድኩ ቀን ጠዋት ከዜሮ በታች 8 ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ስትታገል ደግሞ ላብ በላብ ትሆናለህ። ከፍታውም አያስፈራህ። ካልጋሪ ከባሕር ወለል በላይ 1045 ሜትር ገደማ ናት፣ ድሬ 1200 አካባቢ። ለትንፋሽህ ከቤትህ አልወጣህም ማለት ነው። ጥር ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ከዜሮ በታች 25 የሚወርድበት ሳምንት ይመጣል፣ ያን ቀን ጀማሪ ቆሞ ትምህርት የሚሰማበት ጣት የለውም። ስለዚህ አትጠብቅ።

አሁን ስለ በረዶው። ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል ብለህ ከሆነ ትደነግጣለህ። ትንሽ ኮረብታ ሰማይ ጠብቆ አይከፈትም። ሌሊቱን ሙሉ መድፍ በሚመስል ማሽን ውሃና የታመቀ አየር ይረጫሉ፣ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ይረጋል። ለዚህ ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን የአየሩ ድርቀትም ይቆጠራል። እርጥበት ባለበት አየር ከዜሮ በታች 2 እና 3 መውረድ ያስፈልጋል፤ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ግን ቴርሞሜትሩ ዜሮ አካባቢ እያለም ይሠራል። ይህን የነገረኝን ካናዳዊ «እኛ ቤት ጀሪካን ላይ እርጥብ ጆንያ እንጠመጥማለን» ስለው አልገባውም ነበር። ነገሩ ግን አንድ ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የድሬ ደረቅ አየር የጀሪካኑን ውሃ እንደሚያቀዘቅዘው የነሱም ደረቅ አየር ጠብታውን ያረጋላቸዋል።

እንዲህ የተሠራው በረዶ ከሰማይ እንደሚወርደው አመዳይ ለስላሳ አይደለም። ድቡልቡል ጥቃቅን ፍሬ ነው፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ ስትወድቅበት ያማል። የሚዘረጋውም አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ በግራም በቀኝም የደረቀ ቢጫ ሣር ታያለህ፣ መሃሉ ላይ እንደ ተሰጣ ነጠላ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ከወረደ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነጠላውን ይበላዋል፣ ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሰሞን የራሱ ስኪ (እግር ላይ የሚታሰረው ረጅም መንሸራተቻ) ያለውም ሰው አሮጌውን ይዞ የሚመጣው። አንተ ተከራይ።

የኔን ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ እንዳንተው ኅዳር ላይ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ይዘውኝ ሄዱ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1988 የክረምት ኦሊምፒክ ውድድሮች ከተካሄዱባቸው አንዱ ነው፤ ከላይ እስከ ታች 120 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከታች ሆኜ ሳየው ሳቅሁ። የደንገጎን ቁልቁለት እያየሁ ያደግሁ ሰው ይህን ኮረብታ ልፍራ? ልጅ ሆነን ደቻቱ ወንዝ ዳር በተቀደደ ጀሪካን አሸዋ ላይ ስንንሸራተት የነበርንም ትዝ አለኝ። የረሳሁት ነገር፣ አሸዋ ራሱ ያቆምሃል። በረዶ የሚያቆምህ እንዳይመስልህ።

ኪራይ ቤቱ ፎርም ሰጡኝ፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ከዚያ «ምን ዓይነት ተንሸራታች ነህ?» ሦስት ምርጫ፦ ጠንቃቃ፣ መካከለኛ፣ ኃይለኛ። ባልደረቦቼ አጠገቤ ስለነበሩ «ጠንቃቃ» ማለት አፈርኩ፣ መካከለኛ ላይ ምልክት አደረግሁ። ይህ ጥያቄ ለወግ የተጻፈ አይደለም! ጫማህን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ስትወድቅ በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅህ የሚያስተካክሉት በዚያ መልስ ነው። ጠንቃቃ ካልክ ቶሎ ይለቅሃል። እኔ ግን ጉልበቴን በኩራት አሳሰርኩት።

ከዚያ በወንበር ሊፍት፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሽቅብ በሚወስድ ወንበር፣ ቀጥታ ወደ ላይ። አንዱ «ዝም ብለህ ተከተለኝ» አለኝና ሄደ። ተከተልኩት፤ ሁለቱ ስኪዎች እንደ ቁጥር 11 ቀጥ ብለው ወደ ታች፣ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ እንደመቀመጥ ብዬ። ወደ ኋላ መቀመጥ የሰው ልጅ የፍርሃት አቀማመጥ ነው፣ ስኪ ላይ ግን ፍጥነት ይጨምርልሃል፣ መሪውንም ይነጥቅሃል። ያቆመኝ ብርቱካናማው የፕላስቲክ መረብ ነው። አንዱ ስኪ አልለቀቀኝም፣ ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ሁለት ሳምንት አነከስኩ።

በዓመቱ ሐምሌ ላይ ለእረፍት ድሬ መጣሁ። (የነሱ በጋ የኛ ክረምት መሆኑን ለማስረዳት የባከነብኝን ጊዜ ብነግርህ!) ከሐረር ስመለስ ሚኒባሱ ላይ ጋቢና ተቀመጥኩ። ደንገጎን አልፈን መጠማዘዝ ስንጀምር ከፊታችን ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሾፌሩን «እንዴት ነው ይህ ሁሉ ክብደት የማያመልጠው?» አልኩት። «ፊት ለፊት ቢወርድማ ፍሬን የሚባል አያድነውም፣ መንገዱ ነው ፍሬኑ» አለኝ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ስኪ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተራራውን ፊት ለፊት አትወርደውም፤ ጎን ለጎን እየቆረጥክ፣ ጫፍ ላይ እየተጠማዘዝክ፣ እንደገና ወደ ሌላው ጎን። ፍጥነቱ ሲበዛብህ ጠምዝዘህ ትንሽ ሽቅብ ታስይዘዋለህ፣ ራሱ ይሞታል።

ግን መጠማዘዝ ሁለተኛው ትምህርት ነው፣ መጀመሪያ መቆም አለ። በቀጣዩ ኅዳር ገንዘብ ከፍዬ ከጀማሪዎች ጋር ክፍል ገባሁ። አሰልጣኟ የምታስተምረው ቅርጽ የኛው ፊደል «ለ» ነው። የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርበህ (ሳይነካኩ!) ተረከዝህን ወደ ውጭ ትገፋለህ፣ የውስጡ ጠርዝ በረዶውን ይፍቀዋል፣ ትዘገያለህ። እግርህን ይበልጥ ከፈት ስታደርገው ትቆማለህ። 11 ስትሆን ትሮጣለህ። ቅልጥምህ የጫማውን ምላስ ሁልጊዜ ይጫን፣ እጅህ ከፊትህ ይታይህ። ይህን የምትለማመደው ቆመህበት ቀስ ብሎ ሽቅብ በሚወስድህ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ባለበት ሜዳ መሰል ቦታ ነው። ጓደኞችህ «ይሄ የሕፃናት ነው» ይሉሃል። አትስማቸው፣ ከሕፃናቱ ጋር ዋል።

በሁለት እጅ የሚያዘውን ዱላ መጀመሪያ ቀን ተወው። ከያዝክም ማንጠልጠያውን በእጅህ አታስገባ፣ ስትወድቅ አውራ ጣትን የሚጎዳው ያ ነው። መውደቅህ ካልቀረ ወደ ጎን ውደቅ። ደግሞ አንድ ሕግ፦ ከፊትህ፣ ከታችህ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። እኛ አገር ከኋላ የመጣው ባጃጅ ክላክስ እየነፋ መንገድ ያስለቅቃል፤ እዚያ ከኋላ የመጣኸው አንተ ነህ የምትጠነቀቀው። መስመሩ አንድ ብቻ በሆነበት ሰሞን ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ የናፈቀው ሕዝብ ሁሉ እዚያችው ነጠላ ላይ ነው። እኔን ከብርዱ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ አትሂድ። ከተማ ውስጥ ያለ ኮረብታ ማታም በመብራት ይሠራል፤ ማክሰኞ ማታ ብትሄድ ሰልፍ የለም። ጓደኞችህ ቅዳሜን ሙጭጭ ካሉ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ድረስና 6 ሰዓት ሳይሞላ ውጣ። ከዚያ በኋላ ለስላሳው ተጠርጎ ሥሩ ያለው እንደ መስታወት የሚያበራ በረዶ ይቀራል፣ የደከመ እግርም እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው።

ልብስ። ጂንስ አይሆንም፣ ጥጥ በሙሉ አይሆንም፣ ይረጥብና አይደርቅም። ጋቢም ጥጥ ነው፣ እናትህ የሰጠችህን ቤት ተወው። ከሥር ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ልብስ፣ መሃል ሹራብ፣ ከላይ ውሃና ነፋስ የማያስገባ። ካልሲ አንድ፣ ቀጭን፣ ረጅም። እኔ ሦስት ደርቤ ነበር፤ ጫማው ጠበበ፣ ደሙ መዞር ተወ፣ ከሁሉም ቀድሞ የደነዘዘው እግሬ ነው። ጫማው ራሱ እግር ብረት ነው፣ ልክ ቢሆንም መጀመሪያ ቀን ይከብዳል። የሚለካው በሴንቲሜትር ስለሆነ የእግርህን ርዝመት ለክተህ ሂድ። ሄልሜትና መነጽር አይቅር። ፊትህን ክሬም ተቀባ፤ የድሬ ፀሐይ ያላቃጠለኝ ብለህ እንዳትፎክር፣ አዲስ በረዶ ጨረሩን እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንፀባርቃል። ኪስህ ውስጥ ቆሎ ያዝ፣ የሊፍት ሰልፍ ላይ ወዳጅ ያፈራልሃል።

«ኢትዮጵያዊ በረዶ ላይ ምን ይሠራል?» የሚልህ ካጋጠመህ ሮቤል ተክለማርያምን ንገረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ይዞ የተወዳደረ ሰው ነው። የሱ ግን አገር አቋራጩ ስኪ ነው፤ ሽቅቡንም በራሱ እግር ነው የሚወጣው። ያ ሌላ ስቃይ ነው፣ አልሞከርኩትም።

ስለ እናትህ፦ እኔ የነገርኳት ጉልበቴ ከዳነ በኋላ ነው። በስልክ ከላይ እስከ ታች አስረዳኋት፤ ሊፍቱን፣ ኪራዩን፣ መረቡን። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቆይ፣ ያ ወንበር ሰላም አድርጎ ካወጣችሁ፣ በዚያው ተቀምጣችሁ አትወርዱም?» አለችኝ።