«ኢንትሮቨርት ነኝ» ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ የሞላችሁትን የስብዕና ፈተና ውጤት እያሳያችሁ «ይኸው፣ ኢንትሮቨርት ነኝ» ትሉኛላችሁ፤ ከሰው ጋር መቀላቀል የማያበዛ፣ ጭምት ሰው ነኝ ማለታችሁ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የፈራውም፣ ጓደኛውን ይቅርታ መጠየቅ የከበደውም ይህችኑ ቃል ይዞ ይመጣል። በሳይኮሎጂ ሙያ ዕድሜዬን ገፍቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ውጤታቸውን አደላቸውና «ምን ያህል እናንተን ይገልጻል?» አላቸው። ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለካ የሁሉም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር! አብዛኛውንም የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ሰው ይወደኝ እንደሚል፣ ራሱንም እንደሚነቅፍ ቢነገረው ማን አይደለሁም ይላል?

ይህን ስል ስብዕና አይለካም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካውያኑ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገላብጠው ሰውን የሚገልጹ 18,000 ያህል ቃላት ለቀሙ። ለኑሮ የሚጠቅም የባሕርይ ልዩነት በቋንቋ ውስጥ ስም አያጣም ከሚል ሐሳብ ተነስተው ነው። የእኛንም አስቡት፦ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ዓይን አፋር፣ ጭምት፣ ችኩል። በዚህ መንገድ የሄዱ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ አምስት ሰፋፊ ባሕርያት ላይ ደረሱ። ተግባቢነት አንዱ ነው፤ ኢንትሮቨርት የምትሉት የዚሁ ዝቅተኛው ጫፍ ነው።

ታዲያ ተግባቢነት እንደ ቁመት ነው። በጣም ረጅምና በጣም አጭር ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው መሀል ላይ ነው። ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍለው ታዋቂው መጠይቅ ግን መሀሉ ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ አጠገብ ያለ ሰው ከወር በኋላ ቢሞላው ሌላ ስም ሊወጣለት ይችላል። ለአእምሮ ጤና ምርመራ ሐኪም ቤት የሚሠራበት፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ የታተመው መጠይቅ ሲወጣ ከ500 በላይ ጥያቄ ነበረው፤ መላሹ ራሱን ማሳመር አለማሳመሩን የሚፈትሽ ክፍልም አለው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይነበብም፤ ባለሙያው ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ያናግረዋል።

እኔ ግን በወጣትነቴ አንዱን ልጅ ሳላናግር ፈረድኩበት። የሞላውን መጠይቅ አይቼ «ከሰው ጋር የሚያገናኝ ሥራ አይሆንህም» አልኩት። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ በእኛ ሰው ላይ አልተፈተሸም። ልጁ ታላላቆቹ ፊት ዝም እንዲል ተደርጎ ያደገ ነው። እኔ ጨዋነቱን ዓይን አፋርነት ብዬ ቆጠርኩበት። ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ወጣት ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ወረቀቱን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ስትሞላው የቤትህን ነገር እያሰብክ ነበር ወይስ የሥራህን? እለዋለሁ። ቀጥዬ፣ ከማን ጋር ስትሆን ነው ጨዋታ የሚመጣልህ? ለዚህኛው መልስ ያጣ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።