ካሜራዬ ከቁም ሣጥን አልወጣም አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሚጠይቁት አንድ ጉዳይ ነው፦ ትዳርና ልጅ በያዘ ቤት ውስጥ ለፎቶግራፍና ለእጅ ጥበብ የሚሆን ጊዜ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሰባትና የሦስት ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጂቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ያድራል። ከማግባቴ በፊት ከደመወዜ እየቆጠብሁ የገዛኋት፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያላት ያገለገለች ካኖን ካሜራ አለችኝ። ያኔ ቅዳሜ ማለዳ ከፊራ ገበያ ሄጄ ቲማቲም የሚደረድሩትን ሴቶች እያስፈቀድሁ አነሣ ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ ከተወለደች ወዲህ ግን ካሜራዋ ከጋቢውና ከነጠላው ጋር ናፍታሊን በተጣለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። የዕረፍት ቀን ሲመጣ ልብስ አጠባው፣ እንግዳው፣ ዕድሩ አለ። አንድ ቀን ለመውጣት ስዘጋጅ አብረውን የሚኖሩት አማቴ «ልጆቹን ጥለሽ ፎቶ ልታነሺ ነው?» ሲሉኝ ካሜራዋን መልሼ አስቀመጥኋት። ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን? ጊዜውንስ ከየት ላምጣው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ካሜራዋን ዛሬውኑ ከዚያ ቁም ሣጥን ያውጧት። ይህን የምለው ለማበረታታት ብቻ አይደለም፤ የናፍታሊን ትነት ለካሜራ ስለማይስማማ አምራቾች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ከናፍታሊን ጋር እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃሉ። ባትሪውም ባዶ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ኃይል መያዝ ሊያቆም ይችላል፤ እንደዚያ ሆኖ ቢያገኙት ካሜራዋ ተበላሽታለች ብለው ተስፋ አይቁረጡ፣ መጀመሪያ ባትሪውን ለውጠው ይሞክሯት። ከዚያ በኋላ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ትንሿ ልጅዎ በማትደርስበት፣ እርስዎ ግን እጅዎን ሰደድ አድርገው በሚያወርዱበት ከፍታ ጠንካራ ምስማር አስመትተው በማንገቻዋ ይስቀሏት፤ ለከተማችን አቧራም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጣል ያድርጉባት። ሣጥን ተከፍቶ፣ ልብስ ተነሥቶ፣ ቦርሳ ተፈትቶ የሚወጣ ካሜራ እየቆየ ይረሳል፤ ዓይን ፊት ያለ ግን ቡና እስኪፈላ ባለው ጊዜ እንኳ ይነሣል።

ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን ላሉት፣ በፍጹም አልሆኑም። ነገር ግን የሰረቁት ሰዓትና የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰዓት በጣም የተለያዩ መሆናቸውን ከራሴ ሕይወት ልንገርዎ። ልጆቼ ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ ሰዓቱን እሰርቅ ነበር። ሽንኩርት ልገዛ ነው ብዬ ካሜራዬን በዘንቢል ይዤ እወጣና የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ፣ ውሃ በሌለበት አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አነሣለሁ። ሽንኩርቱን ገዝቼ ብመለስም የት እንደ ቆየሁ የሚያውቅ ስለሌለ የቤቱ ሰው ፊት ጠቁሮ ይጠብቀኛል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ያነሣሁትን ፎቶ ለማንም ማሳየት አለመቻሌ ነበር፤ ባሳይ መቼ እንዳነሣሁት እጠየቃለሁና። ጥሩ ናቸው የምላቸው ፎቶዎች ዓመታት ተደብቀው ቆይተዋል። በኋላ ግን ለባለቤቴ በግልጽ ተናግሬ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ጠየቅሁ፤ ያ ሰዓት ከዚያ በፊት በየአጋጣሚው ከሰረቅሁት ሁሉ ይልቅ ብዙ ፎቶ ሰጥቶኛል።

የትኛውን ሰዓት እንደሚጠይቁ ደግሞ የከተማችን ፀሐይ ራሷ ትወስንልዎታለች። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ስለሚመጣ የሰው ፊት፣ የግድግዳ ልስን፣ የጆንያ ሽመና ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ይጠነክራል፤ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ የምትሆንባቸው ቀናት ስላሉ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ስለዚህ ባለቤትዎ ቤት በሚያድሩበት ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለውን ይጠይቁ። ልጆቹ ገና ተኝተው ወይም ሲነቁ አባታቸውን አጠገባቸው የሚያገኙበት ሰዓት ነው፤ ከፊራም ያን ጊዜ ዕቃው እየተራገፈ የሚደረደርበት ሰዓት ስለሆነ ለፎቶ የሚሻለው እርሱ ነው።

ሰዓቱን ሲጠይቁ የእርሳቸውንም አብረው ያቅርቡ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ባለቤትዎም ማንም የማይቀሰቅሳቸው ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር የሚቀመጡበት እኩል ጊዜ ይኑራቸው፤ ያን ጊዜ ልጆቹን የሚይዙት እርስዎ ናቸው። 2 ሰዓት እመለሳለሁ ካሉ ደግሞ ጥሩ ብርሃን ባገኙበት ቀንም ቢሆን 2 ሰዓት ይመለሱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቅዳሜዎች ቃልዎን ከጠበቁ፣ በአምስተኛው የሚከራከርዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለቤትዎ ደወሌ በሚያድሩበት ሳምንት ግን ሰዓቱን ለመተካት አይጨነቁ፤ ይለፍ።

ለእነዚያ ሳምንታት ቤትዎ ራሱ አለልዎት፤ በእኔ እምነት ከገበያው ይልቅ የሚያስተምርዎትም እርሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ውጭ ያለው ፀሐይ ግቢው አሸዋ ላይ አርፎ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ሲንጸባረቅ፣ ከበሩ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ገባ ብሎ የተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ለስላሳ ብርሃን ይፈጥራል። ልጅዎ እዚያ ስትተኛ መጋረጃውን እስከ ግማሽ ይሰብስቡ፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) 2፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ኃይል) 800፣ የሹተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ አድርገው ይጀምሩና እንደ ቤትዎ ብርሃን ያስተካክሉት። ስትነቃና መሯሯጥ ስትጀምር ፍጥነቱን 1/500 ማድረስ፣ ለዚህም አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ ማድረግ ያስፈልግዎታል። ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ ያሉ ደቃቅ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ይሁን። ለዳቦ እጇን ወደ እናቷ የምትዘረጋ የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ላይ አሸዋነቱን የሚቆጥር የለም።

አማትዎን በሚመለከት፣ ንግግራቸው የመጣው ለልጆቹ ከማሰብ ነውና በክርክር አይመልሱት። አንድ ቀን ቡና ሊቆሉ ሲቀመጡ «እማዬ፣ ላንሳዎት?» ብለው ያስፈቅዱ። ከፈቀዱ ጭሱ ወደ በሩ ብርሃን ሲወጣ ይጠብቁ፤ ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን መቁያውን የያዘውን እጃቸውንም ያንሡ። የተሻለውን አንዱን 13 በ18 ሳንቲሜትር አሳትመው ይስጧቸው። ይህን የምልዎት እንዲያባብሏቸው አይደለም። በብዙ ቤቶቻችን የእናቶች ፎቶ የሚፈለገው ለለቅሶ ድንኳን ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም የሚገኘው ከመታወቂያ ላይ የተነሣና ያለ ልክ እንዲተልቅ ተደርጎ የደበዘዘ ፊት ነው። ቤትዎ ውስጥ ካሜራ መያዝ የሚችል ሰው እያለ አማትዎ ይህ ሊደርስባቸው አይገባም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐረር ጁገል ውስጥ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜም እሑድም በማለዳ ካሜራውን ይዞ ይወጣና ለምሳ ይመለሳል። ስናገረው «ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም እኮ እዚሁ ሐረር ፎቶ አንሥቷል» ይለኛል። እኔም ሦስተኛውን ልጅ ከመውለዴ በፊት የሣር ስፌት እሰፋ ነበር፤ የጀመርሁት ሙዳይ እስከ ዛሬ ክዳን የለውም። ምን ብለው ይመክሩናል?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ይህን ገጽ ለባለቤትዎ እንዲያሳዩአቸው እፈልጋለሁ። ስለ ራምቦ ያሉት እውነት ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ ሐረር ላይ ፎቶ ያነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1883 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የራሱን ሦስት ፎቶዎች መላኩን፣ አንዱ በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ አንዱም በሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ የተነሣቸው መሆናቸውን ገልጾ፣ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ሁሉም ነጥተው እንደ ቀሩ ይናገራል። እርሱ የንግድ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፎቶውን የሚያነሣውና የሚያጥበው ከቡናና ከቆዳ ንግዱ በሚተርፈው ጊዜ ነው። የባለቤትዎ ካሜራ ግን ውሃም፣ ጨለማ ክፍልም አይጠይቅም። ስለዚህ ራምቦን ከጠቀሱ አይቀር፣ እርሱ ብዙ ሰዓት የፈጀበትን ሥራ እርሳቸው ባጭር ጊዜ ሊጨርሱት እንደሚችሉ ይቀበሉ።

የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብና ግድግዳቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በነጭ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም የተቀባው ግድግዳም ብርሃኑን እርስ በርሱ ስለሚያቀባብል፣ ጥሩ ብርሃን ከሜዳው ይልቅ ትንሽ ይቆይላቸዋል። ቢሆንም 3 ሰዓት ላይ አንዱ ግድግዳ በፀሐይ ነጥቶ ሌላው በጥላ ይጠቁራል። ከዚያ እስከ ምሳ ያለው ጊዜ የቤተሰቡ ነው። ከሁለቱ ቀናት አንዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሁን፤ ቅዳሜ እርሳቸው ከወጡ እሑድ እርስዎ ይሰፋሉ። በሚወጡበት ቀንም ትልቁን ልጅ ይዘውት ይሂዱ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ዛሬ አረንጓዴ በር ብቻ ፈልግ» ቢባል ከአባቱ በላይ ያያል።

ስፌትን በተመለከተ ባለቤትዎ ልብ ያላሉት አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። የካሜራ ሥራ በአሥር ደቂቃ ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። ስፌት ግን አክርማው ውሃ ውስጥ ተነክሮ መለስለስ፣ ቀለሙ ተለይቶ መደርደር፣ ስንደዶው መዘጋጀት አለበት፤ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እየተነሡ ሲመለሱ አክርማው ደርቆ ይጠብቃል። ወስፌንም ሕፃን በሚድህበት ምንጣፍ ላይ ጥሎ መነሣት አይቻልም። ስለዚህ እርስዎ የሚያስፈልግዎት ትርፍራፊ ደቂቃ ሳይሆን በሩ የተዘጋ ሦስት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ልጆቹ ቢርባቸውም ቢጣሉም የሚጠሩት አባታቸውን መሆን አለበት። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ በረድፍ የተሰቀለውን ስፌት ባለቤትዎ በካሜራቸው አንሥተውት ይሆናል፤ ያንን የሰፉት ሴቶች ሁሉ ለመቀመጥ ጊዜ የተገኘላቸው ናቸው። የሙዳዩን ክዳን ሲጨርሱ ፎቶውን እርሳቸው ያንሡልዎትና ለዝግጅት ክፍላችን ይላኩልን፤ በደስታ እናወጣዋለን።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ስልኬ ውስጥ የልጄ ፎቶ ከአራት ሺህ በላይ ደርሷል፤ ማህደሩም ሞልቷል። ለመለየት ስቀመጥ ሌሊቱ ያልቅብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አራት ሺሁን ባንድ ጊዜ ለመለየት አይነሡ። መጀመሪያ ሁሉንም እንዳለ በሁለት ቦታ ይገልብጡት፤ አንዱ ቤትዎ፣ ሌላው የቅርብ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ በድሬዳዋ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉ። ይህን አጥብቄ የምነግርዎ የሁለተኛ ልጄን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች ሌላ ግልባጭ ሳላስቀር አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሰጥቼ ስልኩ ባዶ ሆኖ ስለተመለሰልኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚህ በኋላ በየወሩ መጨረሻ አንድ ምሽት ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ የዚያን ወር ብቻ ተመልከቱ፤ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ምረጡ። የሁለታችሁም ምርጫ የሆኑትን አሳትሟቸው፤ ሁለት ቢሆኑም ይበቃሉ። የቆዩትን ደግሞ በየወሩ አንድ አንድ ወር ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። የታተመውን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይስቀሉት፣ ቀለሙ ይሄዳል። ከጀርባውም ቀኑን፣ ቦታውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም ይጻፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሌላ ፎቶ አይደርቡበት።