ቱቦዎቹን ብናቀያይራቸው ኖሮ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ሃይላንድ በኤሌክትሪክ ወደ ኬሚካል ይቀየራል ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። እሷ አመስግና ሄደች። እኔ ግን ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በ1999 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ዝምተኛ የአዘዞ ልጅ ነበረኝ። በጥምቀት ማግስት ከፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የወዳደቀ ሃይላንድ በማዳበሪያ ለቅሞ መጣ። «ቲቸር፣ ፕሮጀክቴን በዚህ ነው የምሠራው» አለኝ። ጠርሙሶቹን እንደ ጎመን ከትፎ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ሊቀቅላቸው ነው። መጀመሪያ የእናቱን ብረት ድስት አመጣ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል። ገና እሳት ሳይነካው ድስቱ አረፋ ደፈቀ፣ ቂጡም ሳሳ። እናቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሌላ ድስት ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ በልጁ እጅ ድፎ ዳቦ ላኩልኝ። በኮባ የተጋገረ ነበር፤ መዓዛው እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ሁለተኛውን ሙከራ በማይዝግ ብረት ድስት አደረገው። ቅዳሜ ጠዋት ጥዶ እስከ ማታ ቀቀለ። ቁርጥራጩ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁለት የማይዝግ ማንኪያ ነከረበትና ከሁለት የራዲዮ ድንጋይ ጋር አገናኛቸው። በየማንኪያው ላይ በፈሳሹ የተሞላ ቱቦ ደፋበት፣ የሚወጣውን ጋዝ ለመሰብሰብ። ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል በአንዱ ቱቦ ሃይድሮጅን፣ በሌላው የዚያን ግማሽ የሚያህል ኦክስጅን ይጠራቀማል። ይሄን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የልጁ የሃይድሮጅን ቱቦ ደህና ሞላ። የኦክስጅኑ ግን ከግማሽም በጣም ያነሰ ነበር።

«ቲቸር፣ ኦክስጅኑ የት ሄደ?» አለኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ የስልሳ ተማሪ ሪፖርት ተከምሯል። ቀና ብዬ እንኳ በደንብ አላየሁትም። «ቱቦህ ተሰንጥቋል፣ ጋዙ ያፈተልካል» አልኩትና ከአሥር አራት ሰጠሁት። እሱ አልተከራከረም። ፈሳሹ ውስጥ የባትሪ አሲድ ጠብ ጠብ ሲያደርግበት ነጭ ነገር እንደ እርጎ ረጋ። «ቆሻሻ ነው፣ ድፋው» አልኩት። ደፋው።

ኦክስጅኑ የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ ብዙ አልተፈጠረም። የሃይላንድ ጠርሙስ ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ፔት በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ወደ ሁለት ነገር ይፈታል። 192 ግራም ፔት ከ36 ግራም ውሃ ጋር ሲዋሃድ፣ በስሌቱ 166 ግራም ቴሬፍታሊክ አሲድና 62 ግራም ኢትሊን ግላይኮል ይወጣዋል። ግላይኮሉ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት ከውሃ ይልቅ ይቀለዋል። ስለዚህ በፖዘቲቩ በኩል ውሃውን ቀድሞ እሱ ይቃጠልና ፎርሜት የሚባል ጨው ይሆናል። ኦክስጅን የሚቀንሰው ለዚህ ነው። በኔጋቲቩ በኩል ሃይድሮጅኑ እንደ ወትሮው ይወጣል። ከፎርሜት የሚገኘው ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን ነው፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ያ «ቆሻሻ» ያልኩት ነጭ ዱቄትም ቴሬፍታሊክ አሲድ ነው፤ አዲስ ፔት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይናው ሲንጉዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒኬልና በኮባልት ማነቃቂያ (ለውጡን በሚያፋጥን ነገር) ይህንኑ መንገድ ተከትለው ከፔት ቆሻሻ የፎርሜት ጨው፣ ቴሬፍታሊክ አሲድና ሃይድሮጅን እንዳገኙ አሳተሙ። ጽሑፉን ያገኘሁት ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጁ ደብተር ነው የታየኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቱቦው በርግጥ ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል። የላብራቶሪያችን ዕቃ አሮጌ ነበር። ግን ሁለቱን ቱቦዎች ብናቀያይራቸው ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቅ ነበር። ጉድለቱ ቱቦውን ተከትሎ ከሄደ ስንጥቅ ነው፤ ማንኪያው ጋ ከቀረ ኬሚስትሪ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አላደረግነውም።

ልጆቼ፣ የዛሬ ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ታዩና «ፕላስቲክ ሁሉ ይቀየራል» ትላላችሁ። ሁሉም አይቀየርም። ፌስታልና ጀሪካን የተሠሩት ከሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ካርቦን ከካርቦን ጋር ተያይዞ የሄደ ሰንሰለት ስለሆነ ኮስቲክ ሶዳ አይፈታውም። ይህን ሳትለዩ ፋብሪካ እንክፈት አትበሉ። ይህን ስል ግን፣ ያን ልጅ በችኮላ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ድስት ሲጠብቅ ነበር የዋለው። ደግሞ እናንተ በስልካችሁ የምታገኙትን ጽሑፍ እኛ በሕልማችንም አላየነውም። አስተማሪ አክብሩ። ነገር ግን አስተማሪያችሁ «ተሰንጥቋል» ሲላችሁ «እስቲ እናቀያይረው» በሉ። በአክብሮትም ይባላል።

ልጁን ከሦስት ዓመት በፊት አዘዞ አገኘሁት። የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፣ ሁለት ልጆች አሉት። አቅፎ ሳመኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ቱቦው ላነሣበት ብዬ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። አሁን ስልኩን አፈላልጌያለሁ።

ያቺ ተማሪ ለፊታችን ቅዳሜ ትምህርት ቤቷን ላብራቶሪ አስፈቅዳለች። ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ሃይላንዱን እሷ ከትፋ ትጠብቀኛለች። እሱንም ደውዬ ጠርቼዋለሁ፤ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ እመጣለሁ ብሏል። ጋዙን ለክተን ስንጨርስ ቱቦዎቹን የሚያቀያይረው እሱ ነው።