ጥያቄና መልስ፦ ትልቅ ሃርድ ዲስክ በድሮ ዊንዶውስ ላይ

መላሽ፦ ስትጠይቁ የዊንዶውሱን ዓይነት ከነሰርቪስ ፓኩ (የዊንዶውስ ማሻሻያ ጥቅል)፣ የዲስኩንም መጠን ጻፉ። ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ከመነካቱ በፊት ዳታው ሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ።

ከዚራ፦ የፎቶ ቤት ኮምፒውተር ነው፣ ኤክስፒ። 250 ጊጋ ዲስክ ገጥመንበት 127 ብቻ ያሳያል። የቀረው የት ገባ?

መላሽ፦ የትም አልገባም፤ ዊንዶውሱ አያየውም። የድሮው የአይዲኢ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው መስመር) አድራሻ 28 ቢት ስለሆነ ከ268,435,456 ሴክተር (የዲስክ ትንሹ የዳታ ክፍል) በላይ አይቆጥርም። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ ድምሩ ወደ 137 ቢሊዮን ባይት ይመጣል። ከዚያ ለማለፍ 48 ቢት ያስፈልጋል፦ ኤክስፒ ከሰርቪስ ፓክ 1 ጀምሮ አለው። ዊንዶውስ 2000 ግን ሰርቪስ ፓክ 3 ተጭኖበትም ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት) ውስጥ፣ በአታፒ (የዲስክ ድራይቨሩ) ሥር ፓራሜትርስ ላይ፣ «ኢነብል ቢግ ኤልቢኤ» የሚል ዲወርድ (የቁጥር ቅንብር) ተፈጥሮ 1 ካልተሰጠው አያልፍም። ባዮሱም (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) 48 ቢት የሚያውቅ ይሁን።

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ዲስኩን አዲስ ኮምፒውተር ላይ 250ውንም አንድ ፓርቲሽን አድርጎ ሰርቪስ ፓክ ወደሌለው ዊንዶውስ የሚመልስ አለ። መጀመሪያ ደህና ይሠራል። የሚጻፈው ዳታ 137 ቢሊዮን ባይትን ሲያልፍ የአድራሻው ትርፍ ቢት ይቆረጥና ዳታው ዞሮ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል፤ የፓርቲሽን ሰንጠረዡም የፋይል ማውጫውም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ፎቶውን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። በድሮ ሲዲ የምትጭኑ ከሆነ መጀመሪያ 40 ጊጋ ብቻ ቆርጣችሁ ጫኑ፣ ሰርቪስ ፓኩን አስገቡ፣ የቀረውን ኋላ በዲስክ ማኔጅመንት ክፈሉት። ደግሜ፦ መጀመሪያ ግልባጭ።

ሳቢያን፦ አቦ፣ 137 አይደለም፣ 128 ነው።

ጀጎል፦ ፋብሪካው በ1000 ያካፍላል፣ ዊንዶውስ በ1024። ቁጥሩ አንድ ነው።

ሳቢያን፦ ታዲያ 160 ተብሎ የተሸጠልኝ ለምን 149 ይላል? ነጋዴው በልቶኛል!

ጀጎል፦ ማንም አልበላህም፣ 160 ቢሊዮንን ሦስቴ ለ1024 አካፍለው።

ሳቢያን፦ ሂሳቡ ለኔ ነው እንዴ የተረፈው? የከፈልኩት የ160 ነው።

መላሽ፦ የገበያ ክርክሩን ውጭ ጨርሱት። ቀጣይ።

ጀጎል፦ ፋት 32 (ዲስክ ላይ ፋይል የሚደራጅበት ስልት) ከ32 ጊጋ አይበልጥም አይደል?

መላሽ፦ ይበልጣል። ከ32 በላይ ፎርማት አላደርግም የሚለው የ2000ና የኤክስፒ ፎርማት ማድረጊያ ነው፤ ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርጎ ከመጣ ያነቡታል። እውነተኛው ገደብ ፋይሉ ላይ ነው፤ አንድ ፋይል 4 ጊጋ አይሞላም። የሰርግ ቪዲዮ ገልብጣችሁ ባዶ ዲስክ «ሞልቷል» የሚላችሁ ለዚህ ነው። «ኮንቨርት» የሚለው ትእዛዝ ዳታ ሳያጠፋ ወደ ሌላው የፋይል ስልት፣ ወደ ኤንቲኤፍኤስ፣ ይቀይረዋል፣ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ግልባጭ ያዙ።

ለገሃር፦ ኮምፒውተሬ ዲስክ አያነብም፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የትኛው ኮምፒውተር? የትኛው ዲስክ? የመጀመሪያውን መስመር አንብብ።

መጋላ፦ ዶስ 6.22 (በትእዛዝ የሚሠራ የድሮ ሲስተም) ላይ የሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም አለን። ያገኘነው ዲስክ 10 ጊጋ ነው።

መላሽ፦ ዶስ ከ8.4 ጊጋ በላይ አያይም፣ አንዱ ፓርቲሽንም ከ2 ጊጋ አይበልጥም። በኤፍዲስክ (የዶስ ፓርቲሽን መክፈያ) አንድ ፕራይመሪ፣ የቀረውን ኤክስቴንድድ አድርጋችሁ ውስጡን ከፋፍሉት። 2 ጊጋ ላይ ክላስተሩ (ለአንድ ፋይል የሚሰጠው ትንሹ ቦታ) 32 ኪሎባይት ስለሚሆን 1 ኪሎባይት ደረሰኝም 32 ይይዛል። ትናንሽ ፋይል ከበዛ ከ512 ሜጋ በታች ክፈሉ፣ ክላስተሩ ወደ 8 ይወርዳል።

ሸዋ በር፦ 40 ጊጋ ስገጥም ባዮሱ ዲስኩን ሲፈልግ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

መላሽ፦ የድሮ አዋርድ ባዮስ ከ33.8 ጊጋ በላይ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል። ባዮሱን አፕዴት አድርግ፤ ያለ ዩፒኤስ ግን እንዳትሞክረው፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ አይነሳም። አፕዴት ካልተገኘ ብዙ ዲስኮች መጠኑን ወደ 32 ጊጋ የሚቆርጥ ጃምፐር (ፒን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) አላቸው፤ ሥዕሉ ዲስኩ ላይ ተለጥፏል።

ከዚራ፦ 3 ቴራስ?

መላሽ፦ ለ32 ቢት ኤክስፒ አይሆንም። 2 ቴራ ግዛ።

ሳቢያን፦ የኔም 160 አሁን 127 ነው የሚለው።

መላሽ፦ ተመልሷል! ከላይ አንብብ።

ሳቢያን፦ አነበብኩ፣ ሰርቪስ ፓክ 2 ነው።

መላሽ፦ እንግዲያው ፓርቲሽኑ የተቆረጠው በድሮው ሲዲ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ግባ፤ መጨረሻ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት 21 ጊጋ ገደማ ባዶ ቦታ ታያለህ። እሱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ አዲስ ፓርቲሽን ፍጠር፤ የመጀመሪያውን እንዳትነካው።